የእድራችን አብዮትና የአንድ ሰዓቱ ደንብ

ንጉሣችንን ያወረድነው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ውስጥ በተከራየነው የዕቃ ማከማቻ በር ላይ ነው። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩና ቃለ ጉባኤ ቆሜም ቢሆን ስለምይዝ ነው። ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ የለመድኩት መጀመሪያ ሰዓቱን መጻፍ፣ ቀጥሎ ማን ምን እንዳለ መጻፍ፣ እኔ የተሰማኝን ደግሞ አለመጻፍ ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛውን ትንሽ ላላ ማድረግ ይኖርብኛል።

ንጉሥ ስል ሊቀመንበራችንን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበር። ወጣት ሆኖ ንጉሡ ይውረድ ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች አንዱ እንደነበረ በየዓመቱ የእድሩ በዓል ላይ ይነግረናል። አትላንታ መጥቶ ሚድታውን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ቆየና ጡረታ ወጣ። በመሐሉ እድራችንን አሥራ ስምንት ዓመት ገዛ።

አገዛዙ ሕጋዊ ነበር። በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ይደረጋል። ምርጫው የሚጀምረው እሱ ብድግ ብሎ ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ፣ እባካችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ ሲል ነው። ይህን ብሎ በመነጽሩ በላይ በኩል አንድ በአንድ ያየናል። እኛም እናጨበጭባለን። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ ጽፌአለሁ፤ ጭብጨባን በምን እንደሚቆጥሩ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሁለት ነገር ግን ለማንም አያጋራም። አንደኛው የማከማቻው ቁልፍ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ እዚያ ነው። ሁለተኛው መርዶ ነው። የአንድ አባል ዘመድ አገር ቤት ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። እሱ ያጣራል፣ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ሐዘንተኛው ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን ይጠብቃል፤ ከዚያ ጥቁር ኮቱን ለብሶ በማለዳ በሩን ያንኳኳል። ገብቶ ውኃ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራል፣ ጸሎት ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ ቀስ ብሎ ነገሩ ላይ ይደርሳል። በዚህ ሥራ እሱን የሚያህል ሰው አላየሁም። ፍጥነቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አብዮቱን የመራችው ነርስ ናት። በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ በስምንት ዓመቷ እዚህ መጥታ ያደገች፣ በሆስፒታሏ የአንድ ክፍል ነርሶች ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ አንቱታ ግን አብሯት አላደገም። ንጉሡን "ጋሼ፣ አንተ እኮ" ስትለው ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እሱ ቅር ሲለው አላየሁም። አባቷ የልብ ጓደኛው ነበሩ፤ እድሩን አብረው ከመሠረቱት ስድስት ሰዎች መሐል የሁለቱ ፊርማ መመሥረቻ ወረቀቱ ላይ ከላይ ጎን ለጎን ነው። አባትዬው ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ፈረንሳዮች የተነሡት ዳቦ ጠፍቶ ነው ይባላል። እኛ የተነሣነው ወንበር ጠፍቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ሐዘን ቤት መቶ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ሊቀመንበሩ የልጅ ልጁ ምርቃት ላይ ስልኩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ የመጣው ሦስት ሰዓት ከቆምን በኋላ ነው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነርሷ ሃያ ሰው ይዛ ሊቶኒያ ወረደች። እዚያው በሩ ላይ ሊቀመንበሩ እንዲወርድ ድምፅ ተሰጠና የበሩ ጓጉንቸር በብረት መቁረጫ ተቆረጠ።

ንጉሡ ደረሰ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ ሰዓቱን ጻፍ አለኝ፤ ጽፌአለሁ አልኩት። ከዚያ ውስጡን ቆጥረው ሲወጡ ምን አገኛችሁ ብሎ ጠየቀ። ደህናው ወንበር ከዋለበት ሐዘን ቤት ገና አልተመለሰም ነበርና የተገኘው ሰባት የተሰበረ ወንበር ነው። ፊቱ በደስታ በራ። የፓሪስ ሰዎች በአብዮታቸው የመጀመሪያ ቀን ያንን አስፈሪ የእስር ቤት ምሽግ ሰብረው ሲገቡ ያገኙት እስረኛ ልክ ሰባት እንደነበረ ነገረን። ይህን ለዓመታት አስተምሬአለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም አለ።

ቀጥሎ "መልካም፤ አሁን ደግሞ ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ" አለን።

አቋቋምን። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ በየስብሰባው መጨረሻ ረድፍ ላይ እየተቀመጠ፣ ባቡር ውስጥ ቀጣዩን ጣቢያ እንደሚናገረው ድምፅ፣ ከፈረንሳዮቹ አብዮት እየቀዳ የሚመጣውን ይነግረን ጀመር። አሁን ማዕረግ ትሽራላችሁ አለ። በሳምንቱ በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ጋሼና እትዬ መባባል ቀርቶ ሁሉም "አባል" እንዲባል ተወሰነ። አንዲት የሰባ ዓመት እናት "አባል፣ ሩዙን ማን ይሠራል?" የሚል መልእክት ደርሷቸው አንድ ወር አኩርፈው ቀሩ። ቀጥሎ የቀን አቆጣጠር ትነካላችሁ አለ። የመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ወደ ሁለተኛው ቅዳሜ ተዛወረና ግማሹ እሑድ፣ ግማሹ ቅዳሜ መጣ። ሁለቱም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ለሁለቱም ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ።

ከዚያ የጭንቅ ጊዜ መጣ። አሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት እኩል ስለነበሩ ማንም ማንንም ማዘዝ አይችልም፤ ማንም ግን ማንንም ከግሩፕ ማስወጣት ይችላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ወጣ። ዘጠነኛው የማስወጣቱን ደንብ ራሱ ያረቀቀው ሰው ነበር። ንጉሡ ይህንን ሲሰማ፣ ፈረንሳዮቹም አንገት አስቆራጫቸውን መጨረሻ ላይ ራሱን ቀሉት ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ሁለት ቀን ወጥቼ ነበር፤ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ከተባለው ሁሉ ምንም ሳላስቀር መጻፌ ነው።

መጨረሻው የመጣው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ሰፈር አንድ ሐዘን ቤት ሁለት ድንኳን ደርሶ አንድም ምሰሶ ሳይኖር ሲቀር ነው። ኮሚቴው በግቢው ውስጥ ድምፅ በመስጠት ላይ ነበር። ነርሷ ከሆስፒታል በሥራ ልብሷ መጣች። አንዴ ዙሪያዋን አየች። አንተ ምሰሶ፣ አንቺ ውኃ፣ እናንተ ሁለታችሁ ፓርክ የሚያደርጉትን አስተናግዱ እያለች ጣቷን ቀሰረች። በአሥራ አራት ደቂቃ ድንኳኑ ቆመ። ማንም ድምፅ ይሰጥ አላለም። ንጉሡ ከወንበሩ ሳይነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጄኔራሉ መጣ አለኝ። ጄኔራሏ ናት ብዬ አረምኩት።

ሥልጣኑን የያዘችው በዓመታዊው ጉባኤ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ፓስተሩ ጸልየው የእድሩን ማኅተም ለአዲሷ ሊቀመንበር እንዲያስረክቡ ነበር የታሰበው። ፓስተሩ ደግሞ በአጭር የሚጨርሱ ሰው አይደሉም። እሷ ሺፍት ነበረባት። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳሉ "ፓስተር፣ ሶሪ" አለችና ማኅተሙን ከእጃቸው ወስዳ፣ ወረቀቱ ላይ ራሷ መታችው። ከኋላ በኩል የንጉሡ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዘውዱን ጳጳሱ እስኪጭኑለት ሳይጠብቅ አንሥቶ ራሱ ላይ የደፋው ያ የፈረንሳይ ጄኔራል ትዝ ብሎት ነበር። ሪፐብሊኩን ጨርሰን ወደ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ገባን ብሎ እንዳበሰረኝ መዝግቤአለሁ፤ ሪፐብሊኩ የቱ እንደነበረ ግን አልጠየቅኩትም።

ለእውነት ያህል፣ ግዛቷ መልካም ነበር። ወንበር በሰዓቱ ይደርሳል። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ነው። አርባ ሦስት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣች፤ ጋሼና እትዬም ተመለሱ። ተቃውሞ የገጠማት አንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ፣ የሞት ወሬ ለእድሩ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግሩፑ ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። ለጣፊው ጸሐፊው ነው፤ እኔ።

ንጉሡ ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ ተናገረ። አልቀለደም። መርዶ በእግር ነው የሚሄደው አለ፤ ሰው ሲሰማ የሚይዘው እጅ አጠገቡ መኖር አለበት፣ ስልክ እጅ የለውም አለ።

እሷ ተነሣች። እናቷ የሞቱት ለጥየቃ አገር ቤት ሄደው ሳለ ነው፤ እሷ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ፈተና ላይ ነበረች። ንጉሡና አባቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብለው ወሬውን ያዙት።

"አራት ቀን" አለች። "አራት ቀን ኳየር ዘመርኩ፣ ፒዛ በላሁ፣ ሳቅሁ። ሁላችሁም ታውቁ ነበር። እያያችሁኝ ነበር። የራሴን እናት ሞት የሰማሁ የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ።"

ንጉሡ ተቀመጠ። አንቀጹ ጸደቀ። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለእሷ ነው፤ ዜና ይዞ መቆየት ከሙያዬ ጋር አይሄድም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። የነርሷ አጎት ነበሩ። አባቷ በእነሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ ወንበራቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አርፈዋል። የእድሩን ቁጥር ያገኙት ከወንድማቸው ወረቀት መሐል ነው። በስልክ እንዳትሰማ፣ አደራ፣ አደራ አሉኝ። እኛም እስክትሰማ ለማንም አንናገርም አሉ።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየሁት። በራሷ ደንብ መሠረት እስከ አምስት ከአሥር ጊዜ አለኝ። እሷ ከአዳር ሥራ ገብታ ተኝታለች፤ የግሩፑን ድምፅ ግን አታጠፋም፣ ይህንንም ያዘዘች ራሷ ናት። ብለጥፍ ከእንቅልፏ ነቅታ ከስልክ ላይ ታነበዋለች፣ ብቻዋን። ባልለጥፍ ደግሞ እንደገና የመጨረሻዋ ሰው ትሆናለች። በሥራ ዘመኔ የማስረከቢያ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም፤ አደራ ተቀብዬም አላውቅም።

ንጉሡ ጋ ደወልኩ። ልክ ለዜና ክፍል እንደምናገር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማን እንደሞተ፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደነገረኝ አስረዳሁትና ስንት ደቂቃ እንደቀረን ጨመርኩለት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

"መጥተህ ውሰደኝ" አለ።

መኪና አለው። ለምን ራሱ እንዳልነዳ አልጠየቅኩም። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘሁት። ከላይ ያንን ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ከታች ሰማያዊ የስፖርት ሱሪ ነው፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው። መቼም እኔ ነገር ሳላይ አላልፍምና አየሁት። ችኮላ ነው ብዬ ገመትኩ።

ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ አደጋ ደርሶ መንገዱ ቆሟል። ለአንድ ሰው አራት ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው በየሁለት ደቂቃው ስንት ቀረን ይለኛል። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕግ አክባሪዎች አንደኛው አንተ ሆንክ ብዬ ልቀልድበት ሞከርኩ። በመስኮቱ እያየ ነበር። ደንቡ የእሷ ነው፣ በደንቧ ነው የምንሄድላት አለ። እኔ ዓይኔን ከትራፊኩ አላነሣሁም።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ላይ በሩን አንኳኳን። ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች ከፈተች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ምንም አልመሰላትም። ከዚያ እሱን። ጓጉንቸሩ ከተቆረጠ ወዲህ እቤቷ መጥቶ አያውቅም። ኮቱን አየች። የአትላንታ አበሻ ሁሉ ያንን ኮት ያውቀዋል።

እሱ ውኃ ስጪኝ ሊል አፉን ሲከፍት እጇን አነሣች።

"ጋሼ፣ አትዙርብኝ። አባዬ ነው?"

"አዎ፣ ልጄ። አባትሽ አርፏል።"

አልጮኸችም። በሩን እንደያዘች መቼ አለች። እሱ ወደ እኔ ዞረ። ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፣ እኔ የሰማሁት አራት ከአሥር ላይ ነው አልኳት። በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"እዚህ አገር እኛ ሁለታችን ብቻ" አለ ንጉሡ። "ካንቺ ቀድሞ የሰማ ሌላ ሰው የለም።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እሱም ያዛት። ውስጥ አስገብተናት ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ እንደ ልማዴ ቆምኩ። የተናገረውን ሁሉ አልጽፈውም። ረጅም አልነበረም፤ ጸሎቱም አጭር ነበር።

ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እሱ ዞረች። ኮቱን ሳይሆን የስፖርት ሱሪውን አየች።

"ላንተስ ማን ነገረህ?"

በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

"እንዴት?"

"በስልክ" አለ።

"ብቻህን ነበርክ?"

"ብቻዬን ነበርኩ።"

ሁለቱም አልተቆጡኝም። ብቻ እሷ አንድ ጊዜ አየችኝ። ባለሥልጣን ጠይቄ አውቃለሁ፣ ባለሥልጣን ተቆጥቶኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ያየኝ ሰው ግን የለም። የንጉሡና የአባቷ ፊርማ ጎን ለጎን ያለበት ወረቀት ያለው እኔ ቤት፣ እኔ ፋይል ውስጥ ነው። ምን ያህል ወዳጅ እንደነበሩ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ስለ ወዳጁ ሞት መረጃና የቀረ ደቂቃ ሰጥቼው ስልኩን ዘጋሁ።

እሷ ተነሥታ ሄደች። ውኃ ይዛ ተመለሰች፤ ለራሷ ሳይሆን ለእሱ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስያዘችውና አጠገቡ ተቀመጠች። የስንቱን ቤት መርዶ ያረዳው ሰው ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ጓዴ፣ ጓዴ ይል ነበር። ተማሪ ሳሉ ሰልፍ ላይ ክንዱን የያዙት አባቷ ነበሩ፤ ይህንን በበዓሉ ቀን ስንቴ ሰምተን ስንቴ ሰዓታችንን አይተናል።

እኔ ወጥቼ መኪናው አጠገብ ቆምኩ። ግሩፑ ላይ የለጠፍኩት አምስት ሰዓት ከስምንት ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኩት ሁሉ ስህተት አለበት ብዬ ያላሰብኩት እሱ ብቻ ነው፤ ስህተቱ ከዚያ በፊት ተሠርቷልና።

ከአርባ ቀን በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ አንቀጽ ዘጠኝን ራሷ ለውይይት ከፈተችው። አንድ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ምክንያቱ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ነው ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በእድራችን ታሪክ ያለ ተቃውሞ፣ ያለ ጭብጨባም ያለፈ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ከመለጠፉ በፊት ሁለት ሰው በአካል ሄዶ ይናገራል፤ አንደኛው ጋሼ፣ ሁለተኛው ጸሐፊው ነው። ከሐዘንተኛው በፊት ከሁለቱ በስተቀር ማንም አይሰማም። ከዚያ እኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ እንድጽፈው ጠብቃ የመጨረሻውን አስጻፈችኝ። ለመርዶ ነጋሪውም ቢሆን በስልክ አይነገረውም፤ ጸሐፊው ሄዶ፣ ተቀምጦ ይነግረዋል። አባላቱ የጋዜጠኛው አንቀጽ ይሉታል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ስብሰባው ሲያልቅ ንጉሡ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በታሪክ መጽሐፉ መሠረት ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ንጉሡ ተመልሷል፣ አይደል እንዴ አልኩት።

"ተመልሷል" አለ። "ቁልፉን ግን አልሰጡትም።"

አሁን መርዶ አብረን ስለምንሄድ ኮቱ ያለው እኔ መኪና ውስጥ ነው፤ የኋላው መስኮት ላይ ተሰቅሏል። ሥሩ ጥቁር ሱሪ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል። ሱሪው እንዲጨመር ያዘዘችው እሷ ናት። ደንቡ ውስጥ ግን አልገባም።